የጋራ ቆጣሪ፣ የምጣድ ተራና የ1967ቱ አዋጅ፦ የግቢያችንን መብራት እንዴት እንካፈል?

የግቢው_ታናሽ

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችንን እያመሰ ያለ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። የምንኖረው ጉለሌ፣ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። ፊት ለፊት የባለቤቶቹ ትልቅ ቤት፣ ከኋላ በተርታ አራት የቀበሌ ቤቶች አሉ። ለአምስት ቤተሰብ ያለን ቆጣሪ አንድ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ የተመዘገበው በሟቹ የግቢው ባለቤት ስም ነው። ቢል ሲመጣ የምንካፈለው በአምፖልና በሶኬት ቁጥር ነው። ይህ ስሌት የወጣው እኔ ሳልወለድ ነው። ያኔ በየቤቱ አንድ ሁለት አምፖልና ሬዲዮ ነበር፤ እንጀራ የሚጋገረውም ጓሮ በእንጨት ነበር። ዛሬ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አራት ፍሪጅና አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ፤ ስሌቱ ግን አልተነካም።

ከጎረቤቶቻችን አንዷ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ምጣድ የላቸውም፤ እንጀራ የሚገዙት ከሱቅ ነው። ግን ሦስት አምፖልና ሁለት ሶኬት ስላላቸው ባለምጣዶቹ የሚከፍሉትን ያህል ይከፍላሉ። ባለፈው ወር «ያልበላሁትን እንጀራ ለምን እከፍላለሁ?» አሉ። ነገሩ ከረረና ቡና ሲጠሩ መምጣት አቆሙ። እናቴ እንቅልፍ ያጣችው ለብሩ ሳይሆን ለዚህ ነው፤ ስንት ዘመን ከአንድ ጀበና የጠጡ ሰዎች ናቸው።

የግል ቆጣሪ ጠይቀን ነበር። የባለስሙን ወይም የወራሾቹን ፈቃድ አምጡ ተባልን። ከወራሾቹ ከፊሎቹ ደግሞ ውጭ አገር ናቸው። እናንተ ግቢ እንዴት ነው የምትካፈሉት? ደግሞስ ይህ የአንድ ቆጣሪ ነገር ከየት የመጣ ነው?

ባለ_አምስት_ቤት

እኛ ግቢ በሰው ቁጥር ነው። ሕፃን ግማሽ ይቆጠራል። ሰው ሲወልድም፣ የቤት ሠራተኛ ሲገባም ሲወጣም ጭቅጭቅ አለው፣ ግን ከአምፖሉ ይሻላል።

ሬዚስታንስ

ምጣድ ጥገና ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ በቁጥር ልንገርህ።

አንድ የተለመደ የቤት ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ሊጥ ተዘጋጅቶ፣ ምጣዱ ተሟሙቶ፣ የአንድ ጊዜ እንጀራ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበራል እንበል። ይህ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጋገርበት ቤት በወር ወደ 45 ይደርሳል። የጠነከረች ጋጋሪ መሃል መሃል ስለምታጠፋው ትንሽ ይቀንሳል። አሁን አምፖሉን እንይ። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው 1.5 ነው። አንድ ምጣድ ሠላሳ አምፖል ማለት ነው። ስለዚህ ጎረቤትህ እውነታቸውን ነው። የእሳቸው ሦስት አምፖል በወር ተደምሮ የእናንተን የአንድ ቀን ጋገራ አይሞላም።

ሌላ ሰው የማያነሳው ጉዳይ ታሪፉ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የሚወጣ ነው፦ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ 300፣ 400፣ 500፣ ከዚያ በላይ። ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ታሪፉ የታሰበው አንድ ቆጣሪ አንድ ቤተሰብ ነው በሚል ነው። እናንተ ግን አምስት ሆናችሁ አንድ ላይ ስትቆጠሩ ለቆጣሪው አንድ ሀብታም ቤት ትመስላላችሁ። ጎረቤትህ ለብቻቸው ቢሆኑ ከ50 በታች፣ በዝቅተኛው ዋጋ ይኖሩ ነበር። አሁን የሚከፍሉት በትልቁ እርከን ነው። በጋራ ቆጣሪ የሚጎዳው ሁልጊዜ ትንሽ የሚጠቀመው ነው፤ አገሪቱ ለድሃ ያሰበችው ዝቅተኛ ዋጋ በሩ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

መፍትሔ፦ ለእያንዳንዱ ምጣድ ከግቢው ቆጣሪ በኋላ የምትገባ ትንሽ ቆጣሪ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ግዙ። ለመብራቱና ለቴሌቪዥኑ እንደ ቀድሞው ተካፈሉ፣ ምጣዱን ግን እንደ ንባቡ። ጠቡ ያለው ምጣዱ ላይ ነው።

ሐምሌ_19

ሁለተኛውን ጥያቄህን ልመልስ። ግቢያችሁ «እንዲህ ሆኖ» አልተሠራም፣ በአዋጅ እንዲህ ሆነ።

ከ1967 በፊት ብዙ የአዲስ አበባ ግቢ አንድ ባለቤት ነበረው። ባለቤቱ ትልቁን ቤት ይሠራል፣ ከኋላ ሰርቪስ ወይም የሚከራይ ክፍል ያስከትላል። ውሃው አንድ፣ መጸዳጃው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ ነው፤ ምክንያቱም ጌታው አንድ ነው። ተከራይ የሚከፍለው መብራትን ጨምሮ ለባለቤቱ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኑረው ተባለ፤ ለመኖሪያ የሚፈቀደውም ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። ትርፉ ተወረሰ። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ወደ ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ።

አዋጁ ግድግዳውን ሲከፋፍል ቧንቧውንና ሽቦውን አልከፋፈለም። ባለቤትና ተከራይ የነበሩ ሰዎች በአንድ ቀን ጎረቤት ሆኑ፣ ቆጣሪው ግን የአንዱ እንደሆነ ቀረ። ቀበሌ ከሚሰበስበው ጥቂት ብር ጣሪያ እንኳ መቀየር አልቻለም፣ እንኳን መስመር ሊዘረጋ። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ፈራ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ሦስት ምጣድ የተሰካው በዚህ መንገድ ነው።

የባለቤት_ልጅ

እኔ ከፊተኛው ቤት ነኝ፤ የእናንተ ግቢ ሳይሆን ሌላ ግቢ። ይህን ታሪክ ሲተርኩ «ትርፍ ቤት» ብለው ያልፋሉ። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ከደመወዙ እየቆጠበ ሦስት ክፍል ከኋላ የሠራው ለእርጅናዬ ይሆነኛል ብሎ ነው። ባለብዙ ፎቅ የነበሩት ሰዎችና እሱ በአንድ ስም ተጠሩ። ሰፈራችን ውስጥ ከባላቸው የቀረች አንዲት ጎጆ አከራይተው ልጅ የሚያሳድጉ መበለቶችም ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የግቢው ቢል በአባቴ ስም ሲመጣ አንድ ቤት ካልከፈለ የሚቆረጠው የሁላችንም ነበር። አባቴ የሌላውን እየሸፈነ ኖሯል። እናቴ የቢሉን ወረቀቶች በሙሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጣቸዋለች፤ ከጀርባቸው በእርሳስ የየቤቱ ድርሻ፣ የከፈለና ያልከፈለ ምልክት አለ። ማንንም አልከሰሰችበትም። ቂም የለኝም፣ ግን የእኛም ጎን ይጻፍ።

እናት_ዓለም

ልጄ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ከኋለኛው ቤት ነኝ።

እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች። ከአዋጁ በፊት ኪራይ ባዘገየች ቁጥር ዕቃችን ደጅ ይወጣ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ዝናብ ላይ አድረናል። ኪራያችን በግማሽ ሲወርድና «ውጡ» የሚል ሲጠፋ እናቴ መሬት ስማለች። ስድስት ልጅ ያደግነው በዚያች ክፍል ነው። ስለዚህ አዋጁን ሲረግሙ አብሬ ልረግም አልችልም።

የተከተለውን ግን ልናገር። ቤቱን የሰጠን ቀበሌ ማዕዳችንንም ቆጣሪ ሆነ። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ጤፉ በካርድ ነበር፤ ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በቤተሰብ ቁጥር ትወስዳለህ። ካርዱ ላይ የሁላችን ስም በተርታ ተጽፏል። ታላቅ ወንድሜ በ1970 ወጥቶ ቀረ። ማን እንደወሰደው የሚያውቅ ያውቃል። እናቴ ስሙን ለማሰረዝ አልሄደችም። የእሱን ድርሻ ስኳር እየተቀበለች ለብቻው በወተት ጣሳ ታስቀምጠው ነበር፤ እኛ ሻይ በጨው እየጠጣን ከዚያ ጣሳ አንድ ማንኪያ አልወጣም። በኋላ አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ያን ቀን ጣሳውን አውጥታ ለግቢው ልጆች በሙሉ አደለችው፣ ለባለቤቱ ልጆችም ጭምር።

ለጠያቂው፦ ትንሿ ቆጣሪም ሆነች ትልቋ በማን ስም እንደምትገባ ከወዲሁ ተነጋገሩ። የእኛ የቤት ውል በአባቴ ስም ብቻ ነበር። እሱ ሌላ ትዳር ይዞ ሲሄድ እናቴ በምትኖርበት ቤት ለሁሉ ነገር የእሱን ፊርማ ተጠየቀች። የያኔው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1952ቱ፣ የቤተሰቡ ራስ ባል ነው ይል ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ሕጉ ተለውጦም ወረቀቱ በድሮው ስም የቀረ ስንት ቤት አለ። የባልም የሚስትም ስም ይግባ።

የግቢው_ታናሽ

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት፤ ጣሳው ላይ ስደርስ አቁም አለችኝ።

ሬዚስታንስ፣ እኛ ጋ የምጣድ ተራ አለ፤ ማክሰኞ አንዱ ቤት፣ ሐሙስ ሌላው፣ ቅዳሜ እኛ። እያንዳንዱ በራሱ ትንሽ ቆጣሪ ከሆነ ተራው ይቅር የሚሉ አሉ። ትክክል ነው?

ሬዚስታንስ

በፍጹም እንዳይቀር። ተራው የመግባባት ብቻ አይደለም፣ የሽቦ ጉዳይ ነው። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ከበሩ 48 አምፔር ሆነ፤ ላዩ ላይ ፍሪጆቹና ማጠቢያው አሉ። ያ አሮጌ መስመር ይህን አይሸከምም። ብሬከር ካለ ይወርዳል፤ አሮጌ ፊውዝ ላይ ወፍራም ሽቦ ጠምጥመው ከሆነ ደግሞ አይወርድም፣ ግድግዳው ውስጥ ይቃጠላል። የቀበሌ ቤት ጭቃና እንጨት ነው፤ ጣሪያው ሥር ያለው ኮርኒስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ነው። የቀረውን መናገር አልፈልግም።

የምጣዱ ስፒና ሲነኩት የሚያቃጥል ከሆነ፣ ሶኬቱ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ከታየ፣ ዛሬውኑ መጠቀም ይቁም። ምጣድ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ) ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ኤክስቴንሽን ላይ ምጣድ አይሰካም። እናቶች ቆመው የሚጋግሩት እርጥብ ወለል ላይ ስለሆነ የመሬት ሽቦ ይቀበር።

የቀጨኔ_ልጅ

ስለ ምጣድ ስትጽፉ ሸክላውን አትርሱ። ከሥሩ የተቦረቦረውን፣ ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) የሚጋደምበትን ሸክላ ከሚሠሩት ውስጥ የቀጨኔ እናቶች አሉበት። አፈሩን በእጃቸው አቡክተው፣ አለስልሰው፣ አድርቀው፣ በእሳት ይተኩሱታል። ኤሌክትሪክ የመጣለት ሰው ሁሉ ፋብሪካ የሠራው ይመስለዋል። ቅድመ አያቶቻችን በዚህ ሙያ «ባለ እጅ» እየተባሉ ሲናቁ፣ ከእነሱ ጋር ለመጋባት ሰው ሲጸየፍ ኖሯል፤ የናቃቸው ሰው ሁሉ እንጀራውን የበላው ከእነሱ ምጣድ ላይ ነው። ሸክላ ሲሰነጠቅ የምትከራከሩበትን ዋጋ ከዚህ ጋር አስቡት።

ሬዚስታንስ

እውነት ብለሃል ወንድሜ። ከእነሱ እጅ የወጣ ሸክላ በጎመን ዘር በደንብ ከተሟሸ ሬዚስታንሱ ሦስት ጊዜ እስኪቀየር ይቆያል።

አያት_ሳይት

እኔ ከእንዲህ ያለ ግቢ ወጥቼ ኮንዶሚኒየም የደረሰኝ ነኝ። በ1997 ተመዝግበን ስንት ዓመት ጠብቀን። የመጀመሪያው ደስታዬ የግል ቆጣሪ ነበር፤ በራሴ ስም ቢል ሲመጣ ወረቀቱን ፍሬም ውስጥ ላደርገው ነበር የቀረኝ። ጭቅጭቅ የለ፣ በቴሌብር ከፍሎ ቁጭ።

ግን ሁሉንም ልንገራችሁ። ወጥ ቤቷ ምጣድ ከገባባት ሰው አይዞርባትም። ለጋገራ፣ ለልብስ፣ ለከብት ማረጃ ተብሎ የተሠራው የጋራ መጠቀሚያ ቤት በብዙ ሳይት ለሌላ ሥራ ውሏል። እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሊፍት ናት። ጉልበቷ እያመማት ስለሆነ ለቅሶ መድረስ ሁሉ ጉዞ ሆነባት። የድሮው ግቢ እድር ድንኳን እዚያው ቀርቷል፣ እሷም ዛሬ ድረስ የምትከፍለው ለዚያ እድር ነው። ግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ የሆነ ጊዜ የገባኝ ነገር ነበር። በድሮው ግቢ መብራት ሲጠፋ ሊጡን ተሸክመን መብራት ያለበት ሰፈር ዘመድ ወይም ጎረቤት ጋ እንሮጥ ነበር። እዚህ ሊጡ ኩፍ ብሎ ገንፍሎ ኮምጥጦ ተደፋ፤ የማንን በር እንደማንኳኳ አላውቅም ነበር።

ጎረቤቶቻችሁን ሳታጡ ቆጣሪውን ለዩ። ሁለቱም ይቻላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነኝ። ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ዘመዶቻችሁ «ከአገር ቤት ጥሩ ምጣድ ይዘህ ና» ሲሏችሁ እዚህ ከ110 እስከ 120 ቮልት መሆኑን አስታውሱ። በ220 የተሠራ ምጣድ እዚህ ሲሰካ የሚያወጣው ሙቀት ሩብ ወይም ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ነው፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ብዙ ሰው ክብ የኤሌክትሪክ መጥበሻ ወይም ለ110 የተሠራ ምጣድ የሚገዛው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዋናው። እኔ ራሴ እናንተ እንደምታወሩላቸው ያለ «ውጭ ያለ ወራሽ» ነኝ። ለዓመታት ስልክ ሲደወልልኝ «ቤቱን ሊወስዱ ነው» ብዬ እፈራ ነበር እንጂ የቆጣሪ ስም መሆኑን ማንም በግልጽ አልነገረኝም። ለእነዚያ ወራሾች በደንብ ጻፍላቸው፦ የምንፈልገው የቤት መብት ሳይሆን ለየቤታችን ቆጣሪ እንድናስገባ መፍቀዳችሁን ብቻ ነው በል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደው ለአንድ አገር ቤት ላለ ሰው ውክልና መስጠት ይችላሉ። ውክልናው ወደ አገር ቤት ሲመጣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ አልፎ ሥራ ላይ ይውላል። ውክልናው ለመብራት ጉዳይ ብቻ ተብሎ ተወስኖ ይጻፍ፤ የፈራ ሰው ያኔ ይፈርማል።

የባለቤት_ልጅ

ይህን እደግፋለሁ። እኛም ፈቃድ ስንከለክል የኖርነው በክፋት አይደለም። በ1967 በአንድ ወረቀት ስንት ነገር እንደሄደ ያየ ቤተሰብ ሁለተኛ ወረቀት ላይ እጁ አይሄድም። በግልጽ የተወሰነ ውክልና ከሆነ ግን እኔ ራሴ ለእኛ ግቢ ዛሬውኑ ወንድሞቼን አነጋግራለሁ።

ሐምሌ_19

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጊዜው ስለሚያሳስበኝ። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት ፒያሳን ጨምሮ ስንት የቀበሌ ሰፈር እንደተነሳ አይታችኋል። ጉለሌ ተራው መቼ እንደሆነ አይታወቅም ብላችሁ አትተዉት። ከተነሳችሁም በምትክ ቤት ስትስተናገዱ በራሳችሁ ስም የመብራት ደንበኛ ሆናችሁ መገኘታችሁ አንድ ተጨማሪ የነዋሪነት ማስረጃ ነው። በሰው ስም በተመዘገበ ቆጣሪ የኖረ ሰው በወረቀት ላይ የለም ማለት ይቻላል።

ባለ_አምስት_ቤት

እኛ ግቢ ይህን ክር ለሁሉም አሳይቼ ለምጣድ ለብቻው እንቁጠር ተባብለናል። ሕፃናቱ ከስሌቱ ወጡ።

የግቢው_ታናሽ

ሁላችሁም ተባረኩ። ትናንት ማታ ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ፣ እናቴ ቡና አፈላች። ጡረተኛዋን እኔ ሳልሆን የግቢያችን የፊተኛው ቤት ልጅ ሄዶ ጠራቸው፤ መጡ። የተስማማነው ይህን ነው። ለሦስቱ ምጣዶች ሦስት ትንንሽ ቆጣሪ እንገዛለን፣ የሚከፍሉትም ባለምጣዶቹ ናቸው። ምጣድ የሌላቸው ሁለቱ ቤቶች በጋራው ላይ ብቻ ይገባሉ። እማማ በመከሩን መሠረት የመብራት ሒሳብ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ተጽፏል። ላለፉት ወራት ጡረተኛዋ ትርፍ የከፈሉትን በገንዘብ እንመልስ ስንላቸው እምቢ አሉ፤ እንጀራ ይሁንልኝ አሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ስንጋግር አሥር አሥር ለእሳቸው ይወጣል። ለውጭዎቹ ወራሾች የሚላከውን ደብዳቤ የሚጽፈው የፊተኛው ቤት ልጅ ነው፤ ከእኛ ይልቅ ከእሱ ቢመጣ ይሻላል ብለን ነው።

ሬዚስታንስ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ትንንሾቹ ቆጣሪዎች የት ይሰቀሉ? በየቤቱ ውስጥ ነው ወይስ ዋናው ቆጣሪ አጠገብ?

ሬዚስታንስ

ዋናው ቆጣሪ አጠገብ፣ ዝናብ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ ሁሉም ሰው በሚያነበው ከፍታ። በየቤቱ ውስጥ ከሆነ ንባቡን ለማየት በር ማንኳኳት ይመጣል፤ ጥርጣሬም እዚያው ይገባል። ወሩ ባለቀ ቀን ሁለት ሰው ከተለያየ ቤት ሆኖ አንድ ላይ ያንብብ፣ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ሽቦውን ከመግዛታችሁ በፊት ከቆጣሪው እስከ እያንዳንዱ ወጥ ቤት ያለውን ርቀት ለክታችሁ ጻፉልኝ፤ ከ20 ሜትር ከበለጠ በ6 ካሬ ነው የምትሄዱት።